ብርድን ስለ መከላከልና አየርን ስለ አለመዝጋት

ሰው ያለ ምግብ ሳምንታት፣ ያለ ውሃም ጥቂት ቀናት ሊቈይ ይችላል፤ ያለ አየር ግን ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ አይቈይም። ይህን የማያውቅ ተማሪ የለም። ይሁን እንጂ ቤት በምንሠራበት ጊዜ ስለ ቆርቆሮው ዋጋ፣ ስለ በሩ ቀለምና ስለ ግቢው አጥር ብዙ ስንመካከር፣ አየሩ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገኝም። የዚህ ወር ጽሑፋችን ስለዚሁ ጉዳይ ነው። ያዘጋጀሁትም ከመጽሐፍ ባገኘሁት ዕውቀት ብቻ ሳይሆን ከራሴ ጥፋት ጭምር ተምሬ መሆኑን አንባቢ አስቀድሞ እንዲያውቅልኝ እወዳለሁ።

እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ዳንግላ ዝቅ ትላለች፤ እርስዋም ብትሆን ከ2,100 ሜትር በታች አይደለችም። ክረምቱ ረዥም ነው፤ ዝናሙና ጭጋጉም ብዙ ነው። ዝናሙ ካቆመ በኋላ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ብርዱ አጥንት ሰብሮ ይገባል። በዚህ አገር ቤትን ለማሞቅ መድከም ቅንጦት አይደለም። ብርድና እርጥበት የሰፈነበት ቤት ለሕፃንና ለሽማግሌ የሳንባ ሕመም በር ከፋች ስለ ሆነ፣ ሕዝቡ ቤቱን ከብርድ ለመከላከል መጣሩ የሚመሰገን ነው እንጂ የሚነቀፍ አይደለም።

አባቶቻችን የኖሩበት የሣር ክዳን ቤት ይህን ችግር በራሱ መንገድ ፈትቶት ነበር። በሣሩ መካከል ታስሮ የሚቀመጠው የማይንቀሳቀስ አየር ሙቀትን በቀላሉ ስለማያሳልፍ፣ ቤቱ ቀን ቀዝቀዝ፣ ሌሊት ሞቅ ይል ነበር። ከዚያም በላይ ሣሩ እንደ ወንፊት ስለ ሆነ ከውስጥ የተበላሸው አየር ቀስ እያለ በክዳኑ ይወጣል። ይህን ስል የጎጆ ቤቱን ጭስ ማመስገኔ አይደለም፤ የእናቶችን ዐይን ያስለቀሰ፣ የሕፃናትንም ሳንባ የጎዳ ጭስ ነው። የምለው ቤቱ ይተነፍስ ነበር ነው።

ቆርቆሮ ግን ቀጭን ብረት ነው። ቀን ፀሐይ ሲመታው ይግላል፤ ሌሊት ደግሞ ሙቀቱን ወደ ጥርት ሰማይ እየለቀቀ በዙሪያው ካለው አየር እንኳ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። በውስጥ የተኙት ሰዎች ከትንፋሻቸው ጋራ የሚያወጡት እርጥበት ይህን የቀዘቀዘ ብረት ሲነካ ውሃ ይሆንና ይንጠባጠባል። ሳይዘንብ ቤቴ አፈሰሰ ብሎ አናጢ ያስጠራ ሰው አውቃለሁ፤ አናጢውም ቀዳዳ ፈልጎ አላገኘም።

ስለዚህ የቆርቆሮ ቤት ባለቤት ሁሉ ኮርኒስ ይሠራል። ገንዘብ ያለው በችፑድ፣ መካከለኛው በአቡጀዲ፣ ሌላው ደግሞ የማዳበሪያ ከረጢት ተርትሮና እርስ በርሱ ሰፍቶ ይወጥራል። አንዳንዱ ከዚህ በላይ ላስቲክ ይደርብበታል። ግድግዳውን በጋዜጣና በካርቶን ይለጥፋል፤ ስንጥቁን በጭቃ ይመርጋል፤ ከበሩ ሥር ጨርቅ ይወትፋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሚያስበው ስለ ብርዱ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ ሲያልቅ ግን ቤቱ እንደ ተከደነ እንስራ ይሆናል።

በዚህም ላይ ከሰሉ አለ። በዞናችን በተለይም በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ደከረንስ የተባለውን ግራር በማሳው ላይ ተክሎ በአራትና በአምስት ዓመት ይቈርጠዋል፤ ከእርሱም ከሰል አክስሎ ይሸጣል፤ መሬቱንም መልሶ ጤፍ ይዘራበታል። በዚህ ዘዴ ብዙ ቤተ ሰብ ኑሮውን አሻሽሏል፤ የደከመውም አፈር ረብቶበታል። የከሰሉ ጆንያ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ዳር ተደርድሮ ሲታይ መንገደኛ ሁሉ ያውቀዋል። እንግዲህ ከሰል በአጠገባችን የሚገኝ፣ ጭስ የሌለው፣ ለተማሪም ለደመወዝተኛም አቅም የሚስማማ ማሞቂያ ሆኖ ወደ መኝታ ቤታችን ገብቷል።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የዕድር ስብሰባ ላይ ስለ ቤት ንጽሕና እንድናገር ተጋብዤ ነበር። ስለ ትኋንና ስለ ብርድ ሰፊ ትምህርት ሰጠሁ። የግድግዳችሁን ስንጥቅ ምረጉ፤ ኮርኒስ ሥሩ፤ ልጆቻችሁን ከብርድ ጠብቁ አልኩ። የተናገርሁት ሁሉ እውነት ነበር። ስለ አየር መግቢያና መውጫ ግን አንዲት ቃል አልተናገርሁም፤ ሁሉም ሰው የሚያውቀው መስሎኝ ነበር።

ከሰሚዎቹ መካከል ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ነበሩ። በግቢያቸው ካለችው ትንሽ ክፍል ውስጥ ከገጠር ቀበሌ ለትምህርት የመጡ ሁለት ወንድማማቾች ተከራይተው ይኖራሉ። መምህራን አንባብያን እንዲህ ያሉትን ልጆች አሳምራችሁ ታውቃላችሁ፤ ስንቃቸውን በየሳምንቱ ከቤታቸው ተሸክመው እያመጡ፣ ወጣቸውን በከሰል ምድጃ እየሠሩ የሚማሩ ናቸው። እኒያ እናት የሰሙትን ምክር በሥራ ላይ ለማዋል ዘገዩ አይባሉም። የክፍልዋን ስንጥቅ በእጃቸው መረጉ፤ ከረጢት ሰፍተው ኮርኒስ ወጠሩላት፤ በላዩም ላስቲክ ደረቡ። ኪራይ አልጨመሩም።

በኅዳር ወር አንድ ሌሊት ወንድማማቾቹ ሽሮአቸውን ከደጅ ሠርተው ከበሉ በኋላ ምድጃውን ወደ ቤት አስገቡ። ፍሙን በአመድ ዳፍነው፣ እግራቸውን እያሞቁ ደብተራቸውን ሲያነቡ አመሹ። ከዚያም በሩን ዘግተው ተኙ። ታናሹ ሌሊት ራሱን ሲያዞረው ልውጣ ብሎ ተነሣ፤ መወርወሪያውን እንደ ከፈተ ከደጃፉ ላይ ወደቀ። ሲነጋ የተገኘው ራሱ ከደጅ፣ እግሩ ከቤት ውስጥ ሆኖ ነው። እርሱ ዳነ። ታላቁ አልነቃም።

በለቅሶው ላይ አንዳንዱ ምች ነው አለ፤ አንዳንዱም ሌላ ነገር ጠረጠረ። እኒያ እናት ግን ወደ እኔ መጥተው፣ “ጌታዬ፣ እርስዎ እንዳሉት ነው የመረግሁት፤ ልጆቹ በብርድ ሲንቀጠቀጡ አሳዝነውኝ ነው” አሉኝ። በድምፃቸው ቍጣ አልነበረም። ቢቈጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጁን የገደለው ነገር ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ከሰል፣ እንጨት፣ ጋዝ ወይም ሌላ የሚነድድ ነገር ሁሉ በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድድ ይህን መርዝ ያወጣል፤ በምድጃ የተከመረ ፍም ደግሞ ዘወትር የሚነድደው እንደዚህ ነው። መርዙ ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ዐይን አያስለቅስም፤ ሳልም አያመጣም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅንን ከሳንባ ተቀብሎ ወደ አካል ሁሉ የሚያደርስ ሄሞግሎቢን የሚባል ነገር አለ። ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። የአዊ ሰው የፈረስ አገር ሰው ስለ ሆነ በዚህ ምሳሌ ላስረዳ፦ ሌባው ቀድሞ ኮርቻው ላይ ከተቀመጠ፣ ባለቤቱ በኋላ ቢደርስ ፈረሱ አጠገቡ ቆሞ እያየው የሚቀመጥበት ስፍራ አያገኝም። ሰውየው ይተነፍሳል፤ ደሙ ግን ባዶውን ይመላለሳል።

የከፍታችን ነገር ደግሞ ጉዳቱን ያከፋዋል። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ያለ ሰው ከሚያገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የጎደለ ላይ መቀነስ እንደ ማለት ነው።

በሰዉ ዘንድ ሁለት የተሳሳቱ አስተያየቶች አሉ። አንደኛው፣ ከሰሉ ከደጅ ተቀጣጥሎ ጭሱ ካለቀለት በኋላ አይጎዳም የሚለው ነው። ጭሱ እንጂ መርዙ አያልቅም፤ እንዲያውም ቀይ ፍም ብቻ የቀረው ምድጃ የሚያታልለው ንጹሕ መስሎ ስለሚታይ ነው። ሁለተኛው፣ የተዳፈነ ረመጥ ጉዳት የለውም የሚለው ነው። አመድ ፍሙን ከአየር ስለሚከልለው ቀስ ብሎና አየር አጥቶ ሌሊቱን ሙሉ ይነድዳል፤ መርዙንም ሌሊቱን ሙሉ ያወጣል።

ይህ አደጋ የድኻ ቤት ብቻ አለመሆኑን ለማስረዳት አንድ የውጭ አገር ታሪክ ልጥቀስ። ስመ ጥሩው የፈረንሳይ ደራሲ ኤሚል ዞላ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በመስከረም ወር 1902 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ በመኝታ ቤቱ ውስጥ የሞተው በዚሁ መርዝ ነው። የእሳት ማንደጃው ጭስ መውጫ ተደፍኖ ነበር። ባለቤቱ በአንድ ክፍል ውስጥ አብራው ብትታመምም ተርፋለች።

በእኛ አገር ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የአራስ ቤት ነው። አራስ ብርድ እንዳይመታት ተብሎ መስኮቱ ይዘጋል፤ መጋረጃ ይንጠለጠላል፤ ምድጃው ከአልጋዋ ሥር ይቀርባል፤ ቡናውም በዚያው ይፈላል። ጠያቂ ሁሉ ገብቶ ይቀመጣል። እናቲቱ ራሴን አመመኝ፣ ወደ ላይ ወደ ላይ ይለኛል ስትል ምች መታት ይባላል። ሕፃኑ ግን መናገር አይችልም። ነፍሰ ጡር ሴትም እንደዚሁ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋታል፤ በማሕፀን ያለው ፅንስ መርዙን ከእናቱ ደም ይወስዳል፤ ከእርሱም ደም ቶሎ አይለቅም። አራስን ለማሞቅ ብርድ ልብስ መደረብ፣ ሙቅ ማጠጣትና ሕፃኑን ከእናቱ ደረት ጋራ ገላ ለገላ ማስተቃቀፍ ይበቃል። ቡናው ከደጅ ወይም በሩ በተከፈተ ሌላ ክፍል ይፈላ።

ባሕር ማዶ በስዊድን አገር ትምህርቴን ስከታተል የተከራየሁት ክፍል ከመስኮቱ በላይ በግድግዳው ውስጥ አንድ ትንሽ ቀዳዳ ነበረው። የመጀመሪያው ክረምት ሲገባ፣ እኔም የጎጃም ሰው ነኝና፣ በቀዳዳው ውስጥ የእግር ሹራቤን ጠቅጥቄ ደፈንሁት። በሳምንቱ አሮጊትዋ የቤት ባለቤት ገብተው ሹራቡን በሁለት ጣታቸው አወጡና እንደ ሕፃን ተቈጡኝ። እኔ የማፍረው ነገር መስሎኝ ነበር፤ ለካ በእነርሱ ዘንድ ታሪክ ነበረው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ በዓለም ላይ በድንገት በተወደደ ጊዜ፣ ብርዳማ አገሮች ሙቀት ለመቈጠብ ቤቶቻቸውን አጥብቀው ዘጉ። ከዚያ በኋላ በብዙ ቤት ግድግዳው ሻገተ፤ የሚኖርበትም ሰው ራሱን ያመው ጀመር። በዚህም ምክንያት የስዊድን መንግሥት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ በየሕንጻው የአየር መመላለሻው በየጊዜው እንዲመረመር በደንብ አዘዘ። ከእኛ ይልቅ እጅግ ብርድ ያለበት ሕዝብ ጣራውን በወፍራሙ ሸፍኖ ቀዳዳውን ክፍት የሚያደርገው ስለዚህ ነው። ይህን ተምሬ መጥቼ ለዕድሩ ሳልናገር መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቈጨኛል።

እንግዲህ ቤቱ እንዴት ይሠራ? ሙቀት ወደ ላይ ስለሚወጣ ሥራው የሚጀመረው ከጣራው ነው። ኮርኒሱ ከቆርቆሮው ጋራ እንዳይጣበቅ ስንዝር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ክፍተት ይተው፤ ሙቀትን የሚከላከለው በዚያ መካከል ያለው አየርና በኮርኒሱ ላይ የሚደረገው ድርብ ነውና። የጣራው ክፈፍ በሁለቱም ወገን ጥቂት ክፍት ሆኖ አይጥና ወፍ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ይሸፈን፤ ካልሆነ እርጥበቱ ከቆርቆሮው ሥር ተጠራቅሞ ወጋግራውን ያበሰብሰዋል።

ለኮርኒስ የሚሆነውን ነገር ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። በእንጅባራ ዙሪያ የሚበቅለው ቀርከሃ ተሰንጥቆና ተጠልፎ ከወጋግራው ሥር ቢታሰር፣ በላዩም ጭድ የበዛበት ጭቃ በስሱ ቢለቀለቅ፣ ከላስቲክና ከከረጢት የበለጠ ሙቀት ይይዛል፤ እሳትም ቶሎ አይበላውም። ጭድ የበዛበት ጭቃ በውስጡ ብዙ አየር ስለሚይዝ ለግድግዳም ተመራጭ ነው። ምርጊቱ የሚሠራው ግን በበጋ ይሁን። በክረምት የተመረገ ቤት ሳይደርቅ ሰው ከገባበት ይሻግታል። እኔ ጥርንና የካቲትን እመርጣለሁ።

ከረጢትና ላስቲክ ወጥሮ የሚኖር ሰው ምንም አማራጭ ከሌለው፣ ቢያንስ ከምድጃ፣ ከሻማና ከኩራዝ ያርቀው፤ ሲቀጣጠል ቀልጦ በተኛ ሰው ላይ ይንጠባጠባልና። ስፖንጅና ፎም በግድግዳ ላይ መለጠፍ ደግሞ እጅግ አደገኛ ነው። ሲቃጠል የሚያወጣው ጭስ እሳቱ ሳይደርስ ሰውን ይገድላል። የኤሌክትሪክ ሽቦ በጭድ፣ በጨርቅ ወይም በፎም ውስጥ ተቀብሮ ማለፍ የለበትም፤ የሚግል አምፑልም እነዚህን መንካት የለበትም። ለአዳዲስ ሕንጻዎች ከውጭ የሚመጣውን የመስተዋት ጥጥ የሚያነጥፍ ሠራተኛ ጓንት፣ መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርግ፤ እጅጌውን ያውርድ፤ ሲጨርስ ልብሱን ከቤተ ሰቡ ልብስ ለይቶ ይጠብ። ከኮርኒስ በላይ ገብቶ የሚሠራ ሰው በጥዋት ይግባ፤ ቀትር ላይ ከቆርቆሮ ሥር ያለው ሙቀት ራስ ያስታል፤ ከበታቹም የሚጠብቀው ሰው ይኑር። አስቤስቶስ ያለበት አሮጌ የሲሚንቶ ክዳን ያጋጠመው ደግሞ አይጋዘው፣ አይስበረው፣ ብናኙንም በደረቁ አይጥረገው፤ ብናኙ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ያመጣል።

አሁን ስለ ቀዳዳው። አራት ሜትር በአራት ሜትር ለሆነ ክፍል የሚከፈተው መስኮት የወለሉን አንድ ሃያኛ ቢሆን መልካም ነው፤ ይኸውም 80 ሳንቲ ሜትር በአንድ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ቀንና ሌሊት የማይዘጉ ሁለት ቀዳዳዎች ይኑሩ፤ እያንዳንዳቸው 15 በ20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይበቃሉ። አንደኛው ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ሁለተኛው በትይዩው ግድግዳ ከኮርኒሱ ሥር ይሁን። ቀዝቃዛው በታች ይገባል፤ የሞቀውና የተበላሸው በላይ ይወጣል። ላይኛው ቀዳዳ ወደ ደጅ ይውጣ እንጂ ወደ ኮርኒሱ ውስጥ አይክፈት።

ይህን ሁሉ ያሟላ ሰው ከሰል ይዞ ሊተኛ ይችላልን? አይችልም። ቀዳዳው የሰውን ትንፋሽና እርጥበት ያወጣል እንጂ ምድጃ ሙሉ ፍም የሚያወጣውን መርዝ ለማሸነፍ አይበቃም። የዓለም የጤና ድርጅት ለአንድ ሰዓት የፈቀደው የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር 35 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ሰው የሚተኛበት ክፍል ውስጥ ከሰል ጭራሽ አይግባ።

መምህራን ይህን በክፍላቸው ለተማሪዎቻቸው እንዲነግሩልን እንለምናለን፤ በተለይም ቤት ተከራይተው ለሚኖሩት። ስለ ራሱ ስለ መማሪያ ክፍሉም አንድ ቃል እጨምራለሁ። የሳንባ ነቀርሳን ተሕዋስ ሮበርት ኮኽ የተባለው ጀርመናዊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1882 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ፣ በሽታው በተዘጋ ክፍል አየር ውስጥ ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ ተረጋግጧል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. ታትሞ የወጣ፣ በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ሆስፒታሎች የተደረገ ምርመራ እንዳሳየው፣ ጣራቸው ከፍ ያለና መስኮታቸው ሰፊ የሆነ የድሮ ክፍሎች በርና መስኮታቸው ሲከፈት አየራቸው ከዘመናዊዎቹ ይልቅ ቶሎ ይለወጣል። በክረምት ጥዋት ተማሪው እየተንቀጠቀጠ መስኮት ክፈቱ ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ቢሆንም ነፋሱ ከሚመጣበት በተቃራኒ ያሉትን የላይኛዎቹን መስኮቶች ትምህርት እስኪያልቅ፣ ሁሉንም ደግሞ በዕረፍት ጊዜ መክፈት ይቻላል።

በከሰል የታፈነ ሰው ያጋጠመው ትንፋሹን ይዞ ይግባ፤ በሩንና መስኮቱን ወለል አድርጎ ይክፈት፤ ሰውየውን ጎትቶ ወደ ደጅ ያውጣ፤ ምድጃውን በኋላ ያወጣዋል። የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኝቶ ልብሱን ያላላለት። ወተት ወይም ሌላ ነገር ላጠጣው አይበል፤ ራሱን የሳተ ሰው ትን ይለዋል። ነቅቶ ደኅና ነኝ ቢልም እንኳ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። በደሙ ውስጥ ያለው መርዝ በተራ አየር በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ በኦክስጅን ግን በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይቀንሳል። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለትና ሦስት ሰው፣ ድመቷም ጭምር፣ በአንድ ጊዜ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከያዛቸው ከሌላው በሽታ በፊት ምድጃው ይጠርጠር።

ባለፈው ዓመት ወደ እኒያ እናት ግቢ ደርሼ ነበር። ክፍልዋን አሁንም ያከራያሉ፤ የተከራየውም ያው የዳነው ልጅ ከአንድ ጓደኛው ጋራ ነው። ላስቲኩን አንሥተው በቀርከሃ ተክተውታል። ሁለቱን ቀዳዳዎች ራሳቸው አስቈፍረው ሽቦ አስለብሰዋቸዋል፤ ምድጃውም ማታ ማታ ከእርሳቸው ዘንድ ከውጭ ዳስ ሥር ያድራል። የታችኛው ቀዳዳ ግን የልጁን እግር ያበርደዋል ብለው አመለከቱኝ። አልጋውን ከወዲያኛው ግድግዳ ጋራ አዛወርነው።